ገበያው ሳይደራ ሲቀር

ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ቆላው ሲወርዱ አሊዩ አምባን ያገኛሉ። ዛሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ግን የሸዋ ዋና የንግድ በር ነበረች። ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ እዚያ ያርፋል፤ አሞሌ ጨው፣ ጥጥ፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ እዚያ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ዓርብ ገበያው ሲቆም አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሪውና ከደጋ የወረደው ገበሬ ይገናኛሉ። ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1840ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ቤት ይዞ ተቀምጦ ነበር፤ ያየውን የጻፈበት መጽሐፍም በ1844 ለንደን ታትሟል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳያምታታን።)

ያንን የሲራራ ገበያ በአዋጅ የዘጋው የለም። ምኒልክ መናገሻቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ አዞሩ። የጅቡቲው ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ነጋዴው በዚያው ሄደ። የአሊዩ አምባ ሜዳ ያው ሜዳ ነው፣ መንገዱም ያው መንገድ፤ የቀረው ሰው ብቻ ነው።

ማርኬቲንግ ላይ ስለምሠራ ይሆናል፣ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ሥራቸውን ሲዘጉ ባየሁ ቁጥር ይህቺ ከተማ ትታወሰኛለች። ልዩነቱ ኩባንያዎቹ በይፋ መዝጋታቸው ነው።

ለዚህ ከጎግል ዌቭ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የሠሩት ላርስና የንስ ራስሙሰን ናቸው፤ ለጎግል ካርታ መሠረት የጣሉት ወንድማማቾች። በግንቦት 2009 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሲያሳዩት አዳራሹ ሙሉ አጨበጨበ። ኢሜይሉን፣ ቻቱንና በጋራ የሚጻፈውን ሰነድ አንድ ላይ የጠቀለለ ነበር። በመስከረም መጨረሻ ለ100,000 ሰው ግብዣ ተላከ፤ ግብዣው በኢቤይ ለጨረታ እስከ መቅረብ ደረሰ። በግንቦት 2010 ለሁሉም ተከፈተ። ነሐሴ 4 ቀን 2010 ጎግል፣ እንደተመኘነው ተጠቃሚ አላገኘንም፣ ልማቱን አቁመናል አለ። በሩ ለሁሉም ከተከፈተ ሦስት ወር አልሞላውም።

ምን ነካው? ብዙዎች ውስብስብ ነበር ይላሉ። እውነት ነው፤ ምን እንደሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር ለእናትዎ ሊነግሩት አይችሉም ነበር። ለእኔ ግን ዋናው ችግር ግብዣው ነው። ጂሜይልም በ2004 ሲጀመር በግብዣ ነበር፣ እሱ ግን ደራ። ጂሜይል የገባ ሰው ያሁ ላለውም ሆትሜይል ላለውም ይጽፋል፤ ብቻውን ቢገባም ሥራው አይቋረጥም። ዌቭ ግን ሌላው ሰው ዌቭ ውስጥ ከሌለ ምንም አይጠቅምም። እርስዎ ተጋብዘው የሥራ ባልደረባዎ ካልተጋበዙ፣ ባዶ አዳራሽ ገብተው ብቻዎን እንደመቀመጥ ነው። ለመተባበር የተሠራን ነገር ለጥቂት ሰው በጥቂቱ ማደል ነጋዴውን ዓርብ፣ ሸማቹን ማክሰኞ እንደመጥራት ነው።

ሌላም ነገር ነበረው፦ የሚጽፉትን እያንዳንዱን ፊደል ሌላው ሰው ገና ሲጻፍ ያየዋል። እስቲ አስቡት፤ ለአማትዎ «እንደምን ሰነበቱ» ለማለት ሦስት ጊዜ ጽፈው ሲያጠፉ እሳቸው ቁጭ ብለው ሲመለከቱ!

ጎግል ፕላስም ከዚያ የተሻለ ዕድል አልገጠመውም። በ2011 ተከፍቶ በሚያዝያ 2019 ተዘጋ። ሊዘጋ ሲል ኩባንያው ራሱ፣ ሰዎች ከገቡባቸው ጊዜያት 90 በመቶው ከአምስት ሰከንድ በታች ነበር ብሏል።

ስለ ውድቀት ብዙ ይጻፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ገበያው ባይደራም የመጡት ጥቂቶች ናቸው። ዌቭ ሲዘጋ ጎግል ጊዜ ሰጥቷል፤ እስከ ጥር 2012 መጨረሻ መጻፍ ይቻል ነበር፣ ከዚያ ማንበብ ብቻ፣ በሚያዝያ 30 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ሰዎች ሰነዳቸውን የሚያወጡበት መንገድ ተበጀ፣ ኮዱም አፓቺ ለተባለው ድርጅት ተሰጠ። ያሁ ግሩፕስ ግን በጥቅምት 2019፣ የዓመታት መልእክትና ፎቶ በታኅሣሥ እንደሚሰረዝ አሳወቀ። ሁለት ወር ማለት የይለፍ ቃሉን ለረሳ ሰው ምን ያህል ነው?

ነገሩ የሩቅ አገር ኩባንያ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በቅርቡ በእኛ ቤተሰብ ሠርግ ነበረ። የወንድሜ ልጅ የኮሚቴውን ሥራ የሚያቀላጥፍ አፕ አመጣ። ማን ድንኳን፣ ማን ጠጅ፣ ማን ካርድ እንደያዘ፣ ማን ስንት እንዳዋጣ በየስሙ የሚጻፍበት ነው። ጥሩ አፕ ነው፣ አልዋሽም። 14 ሰው ተመዘገበ፤ የምንከፍተው ሦስት ነበርን። የቀረው ቴሌግራም ላይ ነው፤ አክስቴ ደግሞ በካሬ ደብተሯ ጸንታለች። እሷን ወደ አፕ ማምጣት አንችልም፣ ማምጣትም አያስፈልግም። የእድሯን ሒሳብ በዚያው ዓይነት ደብተር ስትይዝ አንድም ሳንቲም ጎድሎባት አያውቅም።

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልጁ ተስፋ ቆርጦ «እዘጋዋለሁ» አለ። ውሳኔው ትክክል ነው። ሁለት ቦታ የተጻፈ ሒሳብ ከአንድ ደብተር ይብሳል። ነገር ግን ከሦስታችን አንዷ ዋሽንግተን ያለችው የአጎቴ ልጅ ናት። እሷ ደብተሩን አታየውም፣ ቴሌግራሙም እሷ ሥራ ላይ እያለች 200 መልእክት ይሞላል። ቁጭ ብላ የላከችውን ገንዘብ፣ የሙሽራዋን ጫማ ቁጥር፣ ለአረጋውያኑ የሚያስፈልገውን መድኃኒት ሁሉ አፑ ላይ በጥንቃቄ ጽፋ ነበር። ከሠርጉ ጋር ያያያዛት ያ ገጽ ብቻ ነው። ለእኛ የማይደራ ገበያ ለእሷ ቤተሰብ ነበር።

ስለዚህ ልጁን አንድ ሳምንት ታገሥ አልነው። በመጀመሪያ ለእሷ ደውሎ ነገራት፤ በጽሑፍ አይደለም፣ በድምፅ። ከዚያ እሷ የጻፈችውን አንድ በአንድ እያነበበ አክስቴ በደብተሯ ገለበጠች። ሁለት መስመር ላይ ተከራከሩ፤ አክስቴ የዶላሩን ምንዛሪ በስንት እንደያዘችው ማስረዳት ነበረባት። ገጾቹ ፎቶ ተነሥተው ለአጎቴ ልጅ ተላኩላት። ከዚያ በኋላ አክስቴ በየማታው አዲስ የተጻፈውን ገጽ ታስነሣና ትልክላታለች፤ ፎቶ የሚያነሣው ያው አፑን የዘጋው ልጅ ነው።