«የሰይጣን ጩኸት ነው» ብሎ መዝጋት መልስ አይሆንም

ስለ ብላክ ሜታል ሲነሳ ሁለት መልሶች ይደጋገማሉ። አንዱ «የሰይጣን ጩኸት ነው፤ ምን ይወራለታል?» የሚል ነው። ሌላው «ሙዚቃ ብቻ ነው፤ ምን አገባችሁ?» ይላል። ሁለቱም ከማሰብ መሸሻ ናቸው እንላለን።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ጩኸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን አምስት ደቂቃ ይታገሰው ነበር? ፔይሳዥ ዲቬር የሚባለው የስዊዘርላንድ የአንድ ሰው ባንድ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው «ኢም ቫልድ» ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የአሜሪካው ዎልቭስ ኢን ዘ ትሮን ሩም በ2007 ያወጣው «ቱ ሀንተርስ» በአራት ዘፈን ብቻ ከአርባ ደቂቃ በላይ ይሄዳል። ሰው ይህን ሁሉ ጊዜ የሚቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ምክንያቱ ይኸው። ጊታሩ ያለ እረፍት በፍጥነት ይመታል፤ ከበሮውም እንዲሁ። ሲቆይ ግን ጆሮ ምቱን መቁጠር ያቆማል። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የክረምት ዝናብ ሲወርድ ጠብታውን ሳይሆን አንድ ወጥ ድምፅ እንደምንሰማው ማለት ነው። የዘፋኙ ጩኸት ከሩቅ፣ ከጭጋግ ውስጥ እንደሚመጣ ሆኖ ይቀዳል። አድማጩ በትልቅ ጫካ ውስጥ ብቻውን የቆመ ይመስለዋል፤ ኀዘኑም ውብ ሆኖ ይታየዋል። «በቃ፣ እርሳው» የሚለው የለም። ማንም «እንዴት ነህ?» ብሎ ላልጠየቀው ወጣት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ሁለተኛው መልስ እንለፍ። «ሙዚቃ ብቻ» የሚሉን ኖርዌይን ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1992 በበርገን የፋንቶፍት ጥንታዊ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ነሐሴ 1993 የሜይሄሙ ጊታር ተጫዋች ዩሮኒመስ ተገደለ። ገዳዩ ቫርግ ቪከርነስ በግድያውና አብያተ ክርስቲያናትን በማቃጠል በ1994 የ21 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በ1993 የቀዳው የቡርዙም አልበም «ፊሎሶፌም» እሱ እስር ቤት ሳለ በ1996 ወጣ። የ25 ደቂቃ ሙዚቃ ያለበት ይህ አልበም ዛሬም ለብዙ የዚህ ስልት ሙዚቀኞች አርአያ ነው። «የተቃጠለው ቤተ ክርስቲያን ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል ካለ ተሳስቷል። የጎረቤቱን ቤተ አምልኮ እሳት በዝምታ ያየ፣ የራሱ ሲነድ ማንን ይጣራል?

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ባንድ እሳት አልለኮሰም፤ ብዙዎቹ ስለ ክረምትና ስለ ጫካ ነው የሚዘፍኑት። በጅምላ መወንጀል ግፍ ነው። ግን ጥያቄያችን እዚህ ላይ አያበቃም። ኀዘንን ያሳመረ ሁሉ ኀዘንን ያድናል ወይ? አልበሙ ከሰሚው ምንም አይጠይቅም፤ ለሰሚውም ምንም አይመልስም። የጆሮ ማዳመጫው ሲወርድ ክፍሉ ያው ክፍል፣ ብቸኝነቱም ያው ብቸኝነት ነው።

ስለዚህ ለወላጆችና ለኡስታዞች የምንለው አለን፤ በልጁ አትሳቁ፣ ስልኩንም አትንጠቁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ መስማት የሚችል ጆሮ ትዕግሥት አላነሰውም። ያነሰው አብሮት የሚቀመጥ ሰው ነው። ለአድማጩም የምንለው አለን፤ ያን ያህል ሰዓት ለጫካው የሰጠኸውን ኀዘን፣ ግማሹን ለሚመልስልህ ሰው ንገረው።

ወላሁ አዕለም።