ጳጉሜን የዋጠው ኮድ

ጋዜጠኝነት ተምራችሁ ከሩቢ ጋር ምን አገናኛችሁ እንዳትሉን። እንጀራ ነው ያገናኘን። ባለፈው ዓመት መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የበግ አርቢዎች ማኅበር (ስሙ ይቆየን) ዓመታዊ ሪፖርቱን እንድናሰናዳለት ጠራን። ቁጥሮቹ የሚወጡት በሩቢ ከተጻፈ የግልገል መዝገብ ነው። የጻፉት ልጆች ከሄዱ ቆይተዋል፤ ኮዱ እኛ እጅ ወደቀ።

ሪፖርቱን ለአባላቱ ስናነብ አንድ አባት ከኋላ ተነሱና «ልጆቼ፣ የኔ ጠቦት አልተወለደም እንዴ?» አሉን። ሰው ሳቀ። እኛም ሳቅን። ማታ ኮዱን ከፍተን ስናይ ግን ሳቁ ጠፋ። የጠቦቱ የልደት ቀን ባዶ ነው። የተወለደው ጳጉሜን 3 ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግሼ ራቤልም ሆነ ዓለም ከተማ ያለ ገበሬ ልደት የሚቆጥረው በኛው አቆጣጠር ነው፤ ሩቢ የሚያውቀው ግን የፈረንጁን ነው። 13ኛ ወር ስትሰጡት «የማይሆን ቀን» ብሎ ስህተት ያነሳል፤ ፕሮግራመሮች ኤክሴፕሽን የሚሉት ይህንን ነው። መጮሁ ደግ ነበር። ከኛ በፊት የነበረው ልጅ ግን መስመሩ መጨረሻ ላይ «ሬስኪው ኒል» የምትል ሁለት ቃል ለጠፈ። ትርጉሟ፦ ስህተት ከመጣ ዝም በል፣ ባዶ አስቀምጥ። በጳጉሜን ብቻ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ጥቅምትን 2ኛ ወር ስለሆነ ፌብሩዋሪ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ጥቅምት 30 ሁሌም ይጠፋል፣ ጥቅምት 29 ደግሞ በ4 ከሚካፈል ዓመት በቀር አይገባም። (የገቡትም ቀኖች በትክክል ገቡ ማለት አይደለም፤ እሱን ዛሬ ተዉን።)

ቀን ቢጠፋስ ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ገበሬዎችና ተመራማሪዎች አብረው በያዙት የመንዝ በግ ማሻሻያ፣ አውራ ለዘር ሲመረጥ ክብደቱ ከዕድሜው ጋር ይታያል፤ የ6 ወር ክብደት ትልቅ ቦታ አለው። የኛም ማኅበር የሚመርጠው በዚሁ መንገድ ነው። ልደት የሌለው ጠቦት ደግሞ 6 ወር አይሞላውም።

«ሲስተሙ እንዳይቆም ብሎ ነው» ይሉናል ኮድ የሚጽፉ ጓደኞቻችን። እውነት አላቸው፤ መብራት እየመጣ እየሄደ መረጃ ለምታስገባ ልጅ ቀይ ጽሑፍ ምን ይፈይድላታል? ግን ምርጫው መቆምና ዝም ማለት ብቻ አይደለም። የቀን ስህተቱን ብቻ በስሙ ያዙት፣ ገበሬው ያለውን ቀን እንዳለ በጽሑፍ አስቀምጡ፣ «ይህ ይታይ» በሉና ወደ ቀጣዩ እለፉ። ሁሉን ልያዝ ብሎ «ሬስኪው ኤክሴፕሽን» የሚጽፍም አለ፤ ያ ደግሞ ፕሮግራሙን ላቁም ብላችሁ ኮንትሮል ሲ ብትጫኑ እንኳ ላይሰማችሁ ይችላል። ጳጉሜን ደግሞ ከነጭራሹ ስህተት አይደለችም፤ በየዓመቱ የምትመጣ ወር ናት። የሚያሻት የአቆጣጠር መቀየሪያ ስሌት ነው።

የኛንም ጥፋት እንናገር። ኮዱ የሦስት ሰው እጅ ነበረበት፤ አንዱ መስመሩን በሁለት ስፔስ ያስገባል፣ አንዱ በታብ፤ የልደት ቀን አንድ ቦታ በእንግሊዝኛ፣ ሌላ ቦታ አማርኛው በላቲን ፊደል ተጽፏል። የአርታኢ ደማችን ፈላ። ሩቦኮፕ የሚባለውን የኮድ አራሚ በጠቅላላ ኮዱ ላይ ለቀቅነው፣ የቀኑንም እርማት ከዚያው ጋር አብረን አስገባን። በማግስቱ የክብደት ሠንጠረዡ ተበላሸ። በሺህ ከሚቆጠሩ የተቀየሩ መስመሮች መካከል ጥፋተኛዋን መፈለግ ከጤፍ አሸዋ መልቀም ሆነብን። ጋዜጣ ቤት ተለማማጅ ሳለን እኮ ተነግሮናል! «ኃይሌ» በየትኛው «ሀ» እንደሚጻፍ የቤቱ ስምምነት ነው፣ ባይጥማችሁም ትከተላላችሁ፤ እርምት ግን ለብቻው ይወጣል።

ያደረግነውን ሁሉ መልሰን እንደገና ጀመርን። የድሮውን የአጻጻፍ ጉድለት ሩቦኮፕ ራሱ በሚያወጣው የ«ይቆይ» ዝርዝር ውስጥ አስቀመጥነው፤ በሬስኪው ላይ የሚጮኹትን ደንቦች ግን ከዝርዝሩ አወጣናቸው። ስፔስና ታብ ይጠብቃሉ።

ከጠፉት ቀኖች አብዛኞቹን ከወረቀት ደብተር መለስን። የእኒያ አባት ጠቦትም ቀኑ ተገኘ። ልንነግራቸው ስንደውል ለፋሲካ ሸጠውት ነበር።