ሙግት፦ የመጨረሻዋን ጉርሻ ማን ይወስን?

ሁለት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጅ ፓስታና ብስኩት ሲያይ ይፈነድቃል፤ ጎመን፣ ምስር ወይም እንቁላል ሲቀርብለት ግን አፉን ይገጥማል። ወላጅ ምን ያድርግ? እያባበለ ያጉርሰው ወይስ አቅርቦለት ይተወው? በዚህ ጉዳይ ያልተስማሙ ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

እያባበልን ማጉረስ አለብን

«ካልፈለገ ተዉት፤ ሲርበው ራሱ ይበላል» የሚል ምክር አሁን አሁን በዝቷል። እኔ አልቀበለውም። የሁለት ዓመት ልጅ የሚጣፍጠውን ያውቃል እንጂ የሚጠቅመውን አያውቅም። ለሰውነቱ ብረትና ፕሮቲን እንደሚያስፈልገው ሊያስብለት የሚገባው ወላጁ ነው።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። መቀንጨርን ለማስቀረት በ2015 እ.ኤ.አ. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም በተለይ ከሁለት ዓመት በታች ባሉት ላይ ያተኮረው፣ በእነዚህ ወራት የጎደለውን በኋላ መሙላት እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። የመቀንጨር ሥሩ ድህነትና ሕመም መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ምግቡ በተገኘበት ቤት ልጁ ሳይቀምሰው ሲነሳ ዝም ብሎ ማየት ተገቢ አይመስለኝም። እንቁላል በተወደደበት ዘመን «ዛሬ ባይበላው ነገ ሌላ እንቀቅልለታለን» ማለት የሚችለው ስንቱ ቤት ነው?

ማጉረስ ስል ታዲያ ማስገደድ ማለቴ አይደለም። ሙያው ያላቸውን አያቶች ልብ ብላችሁ እዩ። ካሮቱንና ድንቹን ቀቅለው፣ አድቅቀው ከአልጫ ሽሮው ፍትፍት ጋር ያዋህዱታል። ጉርሻዋን ለልጁ አፍ በሚመጥን መጠን ያሳንሷታል። መጀመሪያ ራሳቸው ቀምሰው «እሰይ፣ ሲጣፍጥ!» ይላሉ። «ይቺ የአባባ፣ ይቺ የእማማ» እያሉ ያቀርባሉ። ፊቱን ካዞረ እጃቸውን ሰብስበው ያጫውቱታል፤ ትንሽ ቆይተው ደግመው ይሞክራሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም ሕፃናትን ቀስ ብሎ፣ በትዕግሥት፣ እያበረታቱ ነገር ግን ሳያስገድዱ መመገብን ይመክራል። እነዚህ አያቶች ሲያደርጉ የኖሩት ይህንኑ ነው።

በተለይ ከተቅማጥ ወይም ከትኩሳት ያገገመ ልጅ ፍላጎቱ እስኪመለስ ድረስ አይዞህ ባይ ያሻዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ ብቻውን ከሳህኑ ጋር ማፋጠጥ ነፃነት መስጠት ሊባል አይችልም።

እኛ እናቅርብ፣ መጠኑን ልጁ ይወስን

ብዙ ጊዜ «ልጄ መብላት አቆመ» የሚባለው ልጁ አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት ሲወለድ የነበረውን ክብደት ሦስት እጥፍ ያደርሳል፤ በሁለተኛው ዓመት የሚጨምረው ግን ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። እድገቱ ረገብ ሲል የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ይቀንሳል። በዚሁ ዕድሜ ላይ የማያውቀውን ምግብ መጠራጠርም ይጀምራል። ሁለቱም የዕድሜው ጠባይ ናቸው። እኛ ግን እልህ ይመስለንና ትግል እንገጥማለን።

የትግሉን መጨረሻ ብዙዎቻችን አይተነዋል። ልጁ ጭን ላይ ይጋደማል፤ እጆቹ ይያዛሉ፤ መዳፍ ከከንፈሩ ሥር ይደገናል፤ አጥሚቱ ይፈስሳል፤ ለመተንፈስ ሲል ይውጣል። መጋት ማለት ይህ ነው። አጥሚቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከዚያ የተረፈውም ልጅ ኩባያ ባየ ቁጥር ያለቅሳል። ባልደረባዬ ይህን እንደማይደግፉ አምናለሁ። ነገር ግን ማባበሉ አልሠራ ሲል ወደ ልመና፣ ልመናው ወደ ቁጣ፣ ቁጣው ወደ መጋት ይሄዳል። ዛሬ ደግሞ ስልክ ተጨምሯል። ካርቱን ላይ ያፈጠጠ ልጅ አፉን ይከፍታል እንጂ የሚበላውን አያይም፤ መጥገቡንም ልብ አይልም።

ጉትጎታ እንደማይረዳ ተፈትኖ ታይቷል። በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች «ጨርሱ» እየተባሉ የቀረበላቸውን ሾርባ፣ ማንም ሳይጎተጉታቸው ከቀረበላቸው ያነሰ በሉ፤ አብዝተውም አማረሩበት።

አሜሪካዊቷ የሥነ ምግብ ባለሙያ ኤሊን ሳተር ሥራውን ለሁለት ይከፍሉታል። ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል፤ መብላት አለመብላቱንና መጠኑን ልጁ ይወስናል። ይህ የወላጅን ሥራ ያበዛዋል እንጂ አያቀለውም። በምግብ ሰዓቶች መካከል ሆድ የሚሞሉትን ብስኩት፣ ጁስና ጡጦ ማስቀረት አለበት። ሻይም ለሕፃን አይሆንም፤ ብረት በሰውነት በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ልጁ የጠላውን ጎመን ደግሞ ከሚወደው ድንች ጎን በማንኪያ ጫፍ ያህል ደጋግሞ ያቀርብለታል። ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። አብዛኞቻችን ግን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው «አይወድም» ብለን እንፈርዳለን።

የመጀመሪያው ጸሐፊ ምላሽ

መጋትም ስልክም ይቅሩ፤ በዚህ ከባልደረባዬ ጋር ጠብ የለኝም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ 15 ጊዜ ይቅመስ ከተባለ ማን ያቀምሰዋል? ሳህን ላይ የተቀመጠ ጎመን በራሱ አፍ ውስጥ አይገባም። በሚያምነው ሰው እጅ የመጣችው ትንሽ ጉርሻ ናት ልጁን የምታደፋፍረው። እኛ እንግዳም ሙሽራም የምናጎርስ ሰዎች ነን፤ ልጃችንን ከዚህ ፍቅር ልንነጥለው አይገባም። ክብደቱ ለቀነሰ ልጅ ደግሞ «አንዲት ልጨምርልህ» ማለት የእናት ግዴታ ነው እላለሁ።

የሁለተኛው ጸሐፊ ምላሽ

ጉርሻው ይኑር። ግን እንግዳ እንኳ «በቃኝ» ሲል በስተመጨረሻ ይሰማል። አፉ ገና ላልተፈታ ሕፃን ከንፈሩን መግጠም «በቃኝ» ማለቱ ነው፤ እዚያ ላይ እጃችን ይቁም። በቂ አልበላም የሚል ስጋት ካለ መልሱ የሚገኘው ሚዛን ላይ ነው። ልጁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ዘንድ ወስዶ ማስመዘንና እድገቱን በካርዱ መከታተል ይቻላል። ክብደቱ ከቀነሰ ወይም ባለበት ከቆመ ጉዳዩ የሐኪም ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ያቀረብነውን እንይ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ6 እስከ 23 ወር ያለ ሕፃን በቀን ውስጥ፣ የእናት ጡትን ጨምሮ፣ ከስምንት የምግብ ምድቦች ቢያንስ አምስቱን እንዲያገኝ ይፈልጋሉ። በብዙ ቤት ልጁ ጠዋት ገንፎ፣ ቀን ሽሮ ፍትፍት፣ ማታ ያንኑ ይበላል። ጾም ሲገባ እንቁላሉና ወተቱ ዕቃ እንዳያስነካ ተብሎ ከማዕድ ቤት ይወጣል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ሕፃናትን ጹሙ አትልም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ልጁ አስቀድሞ ለብቻው ይበላና አዋቂው ጎመን ሲበላ የሚያይበት አጋጣሚ እንኳ አያገኝም። ገበታው ላይ አብሮን ይቀመጥ፤ እጁን ታጥቦ ራሱ ይንካው፣ ያፍርሰው፣ ይቅመሰው። የምግቡን ዓይነት ማብዛት የእኛ ፋንታ ነው። ይህን ሳናደርግ ልጁን «መራጭ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።