የመምህሩ ማስታወሻ፦ ራሽን ካርድና ኪፓንዴ



ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ማታ ቤት ድረስ መጣ። ዕድሜው 19 ነው። አንድ ሰው "ኪፓንዴ አወጣልሃለሁ፣ ለ2027ቱ ምርጫ ትመዘገብና ቀኑ ሲደርስ የምነግርህን ትመርጣለህ" ብሎ ሁለት ሺህ ሽልንግ ቅድሚያ ሰጥቶታል። "ቲቸር፣ ምን ይላሉ?" አለኝ። እናቱ "ወረቀት ወረቀት ነው፣ ምን ችግር አለው?" ብላዋለች። አልፈርድባትም። ወረቀት የሌለው ሰው ከዚህ ማርሳቢት እንኳ ሳይሰጋ አይሄድም። የሰጠሁትን መልስ ለእሱ ብቻ ከማስቀረው እዚህ ልጻፈው።

በኬንያ ለምርጫ የሚመዘገበው 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ነው፤ ማስረጃውም የዜግነት መታወቂያ ወይም የኬንያ ፓስፖርት ነው። የስደተኛ ወረቀት አይሠራም። እኛ አገር መታወቂያ የሌለው ሰው በምስክር የሚመዘገብበት መንገድ ነበር፣ እዚህ እንደዚያ የለም። ከ2013ቱ (እ.ኤ.አ.) ምርጫ ጀምሮ ደግሞ መራጩ የጣት አሻራውን ይሰጣል።

አሻራው የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2007ቱ ምርጫ ማግስት ከ1,100 ሰው በላይ አለቀ። በኋላ በደቡብ አፍሪካዊው ዳኛ ክሪግለር የተመራው ኮሚሽን የመራጮችን መዝገብ ሲመረምር 1.2 ሚሊዮን ያህል የሞቱ ሰዎች ስም እንዳለበት ገመተ። ልብ በሉ፣ ሙታን ናቸው እንጂ ስደተኞች አይደሉም። በ2017ም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሲሰርዝ ትልቁ ጥፋት የተገኘው በውጤት አስተላለፉ ላይ ነበር። ድንበር ላይ ግን ወሬው ሁልጊዜ ያው ነው፦ "ከማዶ ተሻግረው መረጡ።"

ጥርጣሬው የወደቀው በማን ላይ ነው? ወደ ጋሪሳ እንሂድ። በዳዳብ ካምፖች ዙሪያ ድርቅ ሲመታ የኬንያ ሶማሌዎች ለልጆቻቸው እህልና ሕክምና ብለው "ስደተኛ ነን" ብለው ተመዘገቡ። ሌላ ምን ያድርጉ? ልጁ አድጎ 18 ሲሞላው መታወቂያ ሊያወጣ ሄደ። አሻራውን ሲሰጥ መዝገቡ "ስደተኛ ነህ" አለው። በተወለደበት አገር መምረጥ ቀርቶ በስሙ ሲም ካርድ ማውጣት አቃተው። እንዲህ የሆኑት 40 ሺህ ያህል እንደሚደርሱ ይገመታል። ብዙዎቹ ሲመዘገቡ እናታቸው ጀርባ ላይ የነበሩ ሕፃናት ናቸው! ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2025 መጀመሪያ የተፈረደው ለእነሱ ነው። በዚያው ዓመት የካቲት ወር ፕሬዚዳንት ሩቶ በድንበር አካባቢ ሰዎች ላይ የነበረውን ተጨማሪ ማጣራት አስቀሩ። የሞያሌ ጎረቤቶቻችንም መታወቂያ ለማውጣት በሽማግሌና በኮሚቴ ፊት "ያባትህ አባት ማነው?" እየተባሉ ኖረዋል።

እንግዲህ ለተማሪዬ ያልኩት ይህንን ነው። አሻራህ በስደተኛ መዝገብ ገብቷል። በሐሰት ኪፓንዴ ብትመዘገብ ሁለቱ አንድ ቀን ይገናኛሉ፤ ያኔ ሰውየው አይኖርም፣ አንተ ግን አለህ። ከሁለቱም መዝገብ ልትወጣ ትችላለህ። የሚከሰሰውም የእጩው ሰው አይሆንም፣ አንተ ነህ። ከዚያም አልፎ "ስደተኞች መረጡ" የሚለው ወሬ እውነት ሆኖ ጎረቤቶቻችን ላይ እንደገና ኮሚቴ ይመጣባቸዋል።

ለእናቶችም አንድ ነገር አለኝ። የጎረቤት ልጅ ራበው ብላችሁ በካርዳችሁ እንደ ልጃችሁ ያስመዘገባችሁ እንዳላችሁ እሰማለሁ። ደግነት መሆኑን አውቃለሁ። ግን የኬንያ ልጅ ከሆነ እህሉን ስጡት እንጂ ስሙን አታስገቡ። ያስገባችሁም ካላችሁ ልጁ 18 ሳይሞላው ስሙ እንዲወጣ አሁኑኑ አመልክቱ። ማመልከቻ መጻፍ ለሚከብደው ቅዳሜ ከሰዓት ትምህርት ቤቱ ዛፍ ሥር አለሁ።

ልጁ ገንዘቡን ሊመልስ ወስኗል። ስምንት መቶው ግን አልቋል፣ ጫማ ገዝቶበታል። እስከ ወር መጨረሻ እናዋጣለታለን።