ለሚቀጥለው አንባቢ

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የሆነው የአክስቴ ልጅ፣ ለመመረቂያ የሠራውን የመጻሕፍት ማዋሻ ድረ ገጽ ሊያሳየኝ ሰሞኑን ቤቴ መጥቶ ነበር። ገጹ ለዓይን ያማረ ነው። ተመዝገብ ቢለኝ ስሜን በላቲን ፊደል ጻፍሁ፤ የ«ጸ»ን ድምፅ ለመለየትም እንደ ልማዴ ነጠላ የጥቅስ ምልክት አከልሁበት። ወዲያው ገጹ ተበላሽቶ የስሕተት መልእክት አወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ተጠቃሚው የሚጽፈውን ከመረጃ ቋቱ ትእዛዝ ጋር በቀጥታ ስለ ቀጠለው፣ ያቺ ምልክት ትእዛዙን ከመካከል ቈረጠችው። ክፉ ሰው ቢሆን በዚያው ቀዳዳ የራሱን ትእዛዝ አስገብቶ መዝገቡን ሊያነብ ወይም ሊደመስስ ይችላል። ጉድለቱ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በይፋ የታወቀ ነው፤ መድኃኒቱም ትእዛዙንና መረጃውን ለየብቻ ማስተላለፍ ነው።

ኮዱን አስከፈትሁት። ስሞቹ «ኤ»፣ «ኤ2»፣ «ቴምፕ» ይላሉ። አንድ ዓይነት መስመር በየገጹ ተገልብጧል፤ የይለፍ ቃሎች እንዳሉ ተቀምጠዋል።

«ይህ ምን ይሠራል?» አልሁት።

«ወንድም ጋሼ፣ እኔም ረስቼዋለሁ።»

«መምህሮችህስ?»

«እነሱ የሚያዩት መሥራቱን ነው።»

ቅር ያለኝ በልጁ አይደለም። እኔ በምሠራበት ባንክ አንዱ ያዘጋጀውን ሰነድ ሌላው ሳያረጋግጠው አያልፍም። በቅኔ ቤትም ተማሪ የቈጠረውን ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። ዶናልድ ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ፕሮግራም ማሽንን ከማዘዝ ይልቅ ለሰው እንደሚያስረዳ ድርሰት እንዲጻፍ ሞግቷል። ታዲያ የተማሪ ኮድ ብቻ ያለ አንባቢ ለምን ይቀራል?

ጊዜ አጭር ነው፣ ተማሪው ገና ለማጅ ነው ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ለማጅነት የሚታረመው በመነበብ ነው። ፈታኙ ሁሉን ያንብብ አልልም። አንድ ገጽ መርጦ «ይህን አንብበህ አስረዳኝ» ይበል፤ ለመልሱም ነጥብ ይስጥ። ተማሪው እንደሚነበብ ካወቀ አጻጻፉ ይለወጣል።

የዚያን ምሽት ልጁ «ኤ2»ን «የመመለሻ ቀን» ብሎ ሰየመው። ወዲያውም ዝም አለ፤ ቀኑን ያነጻጸረው ከተሳሳተ ዓምድ ጋር እንደ ነበር ገና ያን ጊዜ አየ።