ሦስቱ ስኒዎችና አጥር ላይ ያለው

ሰሞኑን አንዲት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ በቴሌግራም የአንድ ካርድ ፎቶ ላከችልኝ። "ዛሬ ለአንተ የወጣልህ ይሄ ነው፤ ደስ ይበልህ" ትላለች። ታሮት የሚባለው ነው። ልጁ ደግሞ ወደ ጥንቆላ ገባ ብላችሁ ከቻናሉ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ልናገር፤ ካርድ የነገዬን ያውቃል ብዬ አላምንም። ስኒ ገልብጠው አተላ የሚያነቡትንም አላምናቸውም፤ ምንም እንኳ አንዷ በአንድ ወቅት "መንገድ አለብህ" ብላኝ በሳምንቱ ለሥራ ጂንካ ብሄድም።

ምስሉ ግን አልለቀቀኝም። ሦስት ሴቶች አትክልት ቦታ ውስጥ ፊት ለፊት ቆመው እንደሚጨፍሩ ሆነው ጽዋቸውን ወደ ላይ አንስተዋል። እግራቸው ሥር ዱባና ፍራፍሬ ሞልቷል። ስሙም "ሦስት ጽዋዎች" ነው። አንባቢዎቹ ጓደኝነት፣ ድግስ፣ የደስታ መሰባሰብ ብለው ይተረጉሙታል። ለእኛም ሩቅ ሐሳብ አይደለም፤ ጽዋ ማኅበር ያለው ሰው ጽዋ አብሮ መጠጣት ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ሥዕሉን የሳለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ትባላለች፤ ካርዶቹ ለንደን ውስጥ የታተሙት በ1909 እ.ኤ.አ. ነው። ለብዙ ዘመን ግን የተጠሩት በአሳታሚው በራይደርና ሥራውን ባሠራት በዌይት ስም ነበር። ሰባ ስምንቱን ካርድ የሳለችው ሴት በ1951 እ.ኤ.አ. በድህነት ሞተች። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እኔ የካፋ ልጅ ነኝ። ለካፋ ሰው ሦስት ጽዋ አሳይታችሁ "ይህ ጓደኝነት ነው" ብትሉት ወይን አይታየውም። የሚታየው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው። ጎረቤት የሚጠራራው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ ሐዘንተኛ የሚጽናናው በቡና ነው። አረቢካ ቡና ማንም ሳይተክለው የሚበቅለው በእኛው በደቡብ ምዕራቡ ጫካ ውስጥ ነው፤ የማንኪራ ጫካ ከቦንጋ ሩቅ አይደለም። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም የተሠራውም ቦንጋ ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ደግሞ ቦንጋ የክልል መቀመጫ ሆነች። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ፣ ስብሰባ በተከፈተ ቁጥር ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ጀበና ይጣዳል፣ ካሜራ ይደቀናል። ቡናን ለዓለም ያበረከተች፣ ሰው የሚዋደድባት ምድር እንላለን። ውሸት አይደለም። ሙሉው ግን አይደለም።

ልጅ ሆኜ ቤታችን ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። በገበያ ቀን ከሰልና ማገዶ ይዘው ከሚያልፉት አንዱ ሽማግሌ የእናቴ ደንበኛ ነበሩ። ማንጆ ናቸው። እናቴ ደግ ናት፤ በደጇ ያለፈ ሰው ቡና ሳይቀምስ ቢሄድ ቀኑን ሙሉ ይከነክናታል። እሳቸውንም አታሳልፋቸውም። ከሰሉን ጓዳ ካስገባች በኋላ በጓሮ በኩል ከእንሰቱ ሥር ይቀመጣሉ፤ ቡናቸውን ይዛላቸው ትወጣለች። ስኒያቸው ግን ረከቦቱ ላይ ከሌሎቹ ጋር አይደረደርም። አፉ የተሸረፈ፣ አበባው የለቀቀ ስኒ ነው፤ ከአጥሩ እንጨት መሃል ተሰክቶ ይኖራል። ቡናውን ከላይ ከፍ አድርጋ፣ ጀበናው ስኒውን ሳይነካ ትቀዳላቸዋለች። ጠጥተው ሲጨርሱ ራሳቸው አለቅልቀው መልሰው ይሰኩታል። ሲሰኩት አያዩም ነበር፤ እጃቸው ቦታውን ያውቀዋል።

ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ይመስለኛል፣ ውኃ ጠምቶኝ በዚያ ስኒ ቀድቼ ጠጣሁ። እናቴ አይታኝ ጮኸች። አፌን በአመድ አሳጠበችኝ። ለምን ብዬ ብጠይቃት "ነውር ነው" ከማለት በቀር መልስ አልነበራትም። በዚያ ዕድሜዬ ስኒው መርዝ ያለበት መሰለኝ። ሽማግሌው ግን በየገበያው ቀን በእሱ ጠጥተው በሳምንቱ ደህና ሆነው ይመጣሉ።

ከሰሉ ይገባል፣ ሰውየው አይገቡም። የእኛን አቦል ያፈላው እሳት የእሳቸው ነው። ጀበናውንስ ማን ሠራው? በብዙ የደቡብ አካባቢ ሸክላ የሚሠሩ ሰዎችም ከማዕድ የሚገለሉ ናቸው። እንግዲህ እሳቱ ከአንዱ፣ ጀበናው ከሌላው፣ ሁለቱም ግን ከረከቦቱ ዙሪያ የሉም። ስለ ሠዓሊዋ ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው።

ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። በካፋ ብዙኃኑ ጎማሮ ይባላል። ማንጆ ከጥንት በአደንና በጫካ ውጤት የኖረ፣ ቁጥሩ አነስተኛ የሆነ ማኅበረሰብ ነው። ቋንቋው ያው ካፊ ኖኖ ነው፤ የሚኖረውም እዚያው አጠገባችን። እ.ኤ.አ. በ1897 ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው የካፋ መንግሥት እስኪወድቅ ድረስ የግዛቱን በሮች ሲጠብቁ ከነበሩት ማንጆዎች ይገኙበታል። በር ጠባቂ አድርገን ከበር ወዲያ አስቀረናቸው። ምክንያቱ ሲጠየቅ የጉሬዛና የዱር አሳማ ሥጋ ይበላሉ ይባላል። ይህን ከተዉ ዘመን ያለፋቸው፣ ክርስትና የተነሱ፣ ወደ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የገቡ ብዙ አሉ። ስኒው ግን ከአጥሩ አልወረደም። ስለዚህ ምክንያቱ ሥጋው አልነበረም ማለት ነው። ሳዩሪ ዮሺዳ የምትባል ጃፓናዊት አንትሮፖሎጂስት ማንጆዎች በካፋና በሸካ ለመንግሥት አካላት ያቀረቧቸውን አቤቱታዎች አጥንታለች። ከጃፓን መጥቶ የሚያጠናው ሰው ያገኘ ጉዳይ ቦንጋ ላይ ግን ቡና እየጠጣን የምናልፈው ነው።

አሁን ወደ ራሴ ኃጢአት ልምጣ። ጅማ ስማር ሦስት የካፋ ልጆች አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። አንዱ ከጊምቦ፣ አንዱ ከዴቻ፣ አንዱ እኔ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ራሳችን እንቆላለን፤ የዴቻው ልጅ ከሁላችን የተሻለ ያፈላል። ሁለት ዓመት ከኖርን በኋላ ከቀበሌው የመጣ አንድ ሰው ዶርም ለጓደኞቻችን አወራ፤ ማንጆ መሆኑን እንዲህ ሰማን። ሁለታችንም "ምን ችግር አለው?" አልነው። ዛሬ ሳስበው፣ እሱ ይቅርታ ሳይጠይቀን እኛ ይቅር ያልነው ያህል ነበር።

ተመረቅን። እናቴ በግ አሳርዳ፣ ጠጅ አስጥላ ድግስ ደገሰች። ጓደኞቼን ጠራሁ። የዴቻው ልጅ ግን "እናትህን አላስጨንቃትም፣ ከተማ ላይ ሻይ እንጠጣለን" አለኝ። ልለምነው ይገባ ነበር፤ አልለመንኩትም። እንዲያውም እቀራለሁ ሲለኝ ደረቴ ቀለል አለኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእናንተ የመጀመሪያዬ ነው። በምርቃታችን ዋዜማ የተነሳነው ፎቶ አሁንም አለኝ። ሦስት ልጆች ከከሰል ምድጃ በላይ ስኒ አንስተው ይስቃሉ። የላከችልኝ ካርድ ያስታወሰኝ እሱን ነው። ያው ካርድ ተገልብጦ ሲወጣ ሐሜትና ከወዳጅ መገለል ነው የሚሉ አንባቢዎች አሉ አሉ። እኔ ዘንድ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ እንግዲህ ተገልብጦ ያለው እሱ ዘንድ መሆን አለበት።

ይህን ሳነሳ ሁለት መልስ አውቃለሁ። አንደኛው "እሱ ድሮ ቀርቷል" ነው። እውነት አለው፤ ቦንጋ ካፌ ገብታችሁ ማኪያቶ ስታዙ ማንም ዘራችሁን አይጠይቅም። ወጣቱም ብዙ ተለውጧል። ግን ካፌ ቤት አይደለም፤ የከፈለ ሁሉ የሚጠጣበት ነው። እስቲ ጥያቄውን ወደ ቤት አስገቡት። ባለፈው ዓመት ሳሎናችሁ ተቀምጦ ቡና የጠጣ ማንጆ ማን ነው? በዕድራችሁ ውስጥስ? በጽዋ ማኅበራችሁስ? ልጃችሁ ማንጆ ላግባ ብትልስ? እኔ ራሴ ይህን ጥያቄ ስመልስ ስንት ጊዜ ተንተባትቤያለሁ።

ሁለተኛው መልስ ይከብዳል፦ "ክልላችን ገና ለጋ ነው፣ ገመናችንን ለምን አደባባይ ታወጣለህ?" የሚለው። የሚሉኝ የምወዳቸው ሰዎች ናቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው ቡና የት ተገኘ በሚለው ከጅማ ጎረቤቶቻችን ጋር ስንከራከር ስንት ዘመን አለፈ፤ በእኛው ደጅ ቡና በየትኛው ስኒ ይቀዳል የሚለውን ግን አንድ ቀን ተከራክረንበት አናውቅም። የአማራ፣ የጉራጌ፣ የዳውሮ አንባቢዬም "ካፋዎች እንዲህ ናቸው" ለማለት አትቸኩል። ጠይብ፣ ፉጋ፣ ማና የሚሉትን ቃላት አንተም ቤት ሰምተህ ነው ያደግከው።

ሕግ የለም እንዳንል ሕግ አለ። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ለማንጆውም የሚያርሰው መሬት የማግኘት መብት ሰጠ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። ሕንድም እንዲሁ በ1950 እ.ኤ.አ. በጸናው ሕገ መንግሥቷ በአንቀጽ 17 ሰውን "አይነኬ" ማለትን ሰርዛለች። ከዚያ በኋላ ግን በታሚል ናዱ መንደሮች የሻይ ቤት ባለቤቶች ለዳሊቶች የተለየ ብርጭቆ ማስቀመጣቸውን ቀጥለው ተገኝተዋል። ጠጪው ራሱ አጥቦ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ነገር መጀመሪያ ሳነብ የእኛ ጓሮ ትዝ አለኝና ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወጣሁ። ባሕር ተሻግሮ ያው ስኒ!

እና ምን ይደረግ? ባለሥልጣን ከአንድ የማንጆ ሽማግሌ ጋር ቡና ሲጠጣ በቴሌቪዥን እንዲታይ አልፈልግም፤ ካሜራው ሲነሳ ስኒው ወደ አጥሩ ይመለሳል። ሙዚየሙ ስለ ቡና ሲተርክ ከሰሉን ያመጣውንና ጀበናውን የሠራችውን ቢጨምር ጥሩ ነው። ከአንድ ጽዋ የሚያቆርቡ ካህናትና ወንድሞች ሆይ የሚሉ ፓስተሮች ደግሞ ከእኔ ይልቅ ይሰማሉና ይናገሩበት። ዕድሮች የአባል መዝገባቸውን ገልጠው ማን እንደሌለ ይዩ፤ መዝገቡ አይዋሽም። ዋናው ሥራ ግን ያለው ረከቦቱ ላይ ነው። እሱን ደግሞ ማንም መጥቶ አይሠራልንም።

ባለፈው መስከረም ለማሽቃሬ ባሮ ቦንጋ ወረድኩ። የዴቻው ጓደኛዬ አሁን መምህር ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት። "ቤት እንሂድ" አልኩት። አሁንም "እናትህን…" ብሎ ጀመረ። እጁን ይዤው ሄድኩ። እናቴን አስቀድሜ ነግሬአታለሁ፤ ሁለት ቀን ዝም ብላኝ ነበር። በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። "ግባ ልጄ፣ ግባ" አለችው፤ ድምጿ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ሳሎን አስቀመጠችው። ቆሎ አቀረበች፣ ዕጣን አጨሰች። አቦሉን ስትቀዳ ለእሱ የሰጠችው ስኒ አዲስ ነበር፤ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት ሥሩ ላይ እንደተለጠፈ ነው። "ለእንግዳዬ ብዬ ነው የገዛሁት" አለች። እሱ በሁለት እጁ ተቀብሎ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማማ" አለ። እስከ በረካ ተጫወትን። እሷም ስለ ልጆቹ ጠየቀችው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ዝናቡ። ሲወጣ ለልጆቹ ማር ቋጥራ ሰጠችው።

ከሸኘሁት በኋላ ስኒዎቹን ልጠብ ብዬ ተነሳሁ። እናቴ ከለከለችኝ፤ ራሷ አጠበች። ስድስቱን ረከቦቱ ላይ ደረደረች። አዲሱን ደርቃ መስኮቱ ላይ ለብቻው አስቀመጠችው።

ያከበረችው ይሁን ያው የአጥሩ ስኒ ወደ መስኮት የወጣው፣ እስካሁን አላወቅኩም። ትናንት ደውዬ ስኒው የት እንዳለ ጠየቅኳት። "መስኮቱ ላይ ነው፤ ያ ልጅ ሲመጣ ብዬ ነው ያስቀመጥኩለት" አለችኝ። "አንቺ ጠጥተሽበት ታውቂያለሽ?" አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "ጀበናው ሊገነፍል ነው፣ ቆይ" ብላ ስልኩን አስቀመጠችው፤ እኔም ሳልዘጋ ጠበቅኳት።