ከቀለሙ በፊት

ቤት ታደሰ ማለት ምን ማለት ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው «ተለስኖ ቀለም ተቀባ ማለት ነዋ!» ብሎ እንደሚመልስ አልጠራጠርም። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ እንደዚሁ አስብ ነበር።

አምና ለፋሲካ አባቴ ዕቁብ ቢደርሳቸው የጭቃ ቤታችንን አስጠገኑ። ግድግዳው ከውጭ በሲሚንቶ ተለሰነ፤ ሳሎኑም ነጭ ተቀባ፤ እንግዳ ሁሉ አደነቀልን። ነሐሴ ሲገባ ግን ልስኑ እየተነፋ ይረግፍ ጀመር። አያቴ የሚተኙበት ጓዳ ስለ ረጠበ አልጋቸውን ወደ ሳሎን አወጣንላቸው፤ ሳላቸውም እስከ መስቀል አለቀቃቸውም።

ምክንያቱ የገባኝ ኋላ ነው። ጭቃ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን ግትር ስለ ሆነ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባውንም ውሃ አፍኖ ይይዘዋል። ከውስጥ ማገሩ ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይከተላል። በጎንደር የፋሲል ግቢ እንኳ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ ከተጠገነ በኋላ፣ ሥራው ስላልተስማማው በኋለኛው እድሳት በኖራ እንዲተካ ተደርጓል።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ጥሩ እድሳት የሚጀምረው ከጣራና ከቤቱ እግር ነው። የቆርቆሮው ቀዳዳ ይደፈን፣ አሸንዳ ይሰቀል፣ ግርጌው በድንጋይ ይታሰር፣ የበሰበሰው ቋሚ ይለወጥ፤ ከዚያም ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ይመረግ። ቀለም የመጨረሻው ነው፤ ገንዘብ ካለቀም ይቅር።

አባቴን መውቀሴ አይደለም። ገንዘቡ ለሁለቱም አይበቃም ነበርና ለእንግዳ ዓይን የሚታየውን መረጡ፤ ብዙ አባቶችም ይህንኑ ይመርጣሉ። ዘንድሮ ዕቁቡ ሲደርሳቸው በመጀመሪያ አሸንዳ እንዲገዙ ለምኛቸዋለሁ። እስካሁን መልስ አልሰጡኝም።